የሉዋን ሁለት ክርኖች

ሉዋን ሊያንጂ መቀመጥ አትችልም። አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ትቆማለች፤ ምሳዋንም ሳህኑን በእጇ ይዛ ከወዲያ ወዲህ እያለች ነው የምትበላው። በሰፈራችን የሕዝብ መታጠቢያ፣ በሴቶቹ በኩል፣ ገላ ፈታጊ ነበረች። እኔ ሱዩን ደግሞ መግቢያው ላይ ትኬት እቆርጣለሁ። ስለ እሷ ሰው ብዙ ያወራል፤ ግማሹ ውሸት ነው። ስለዚህ ያየሁትን እኔው ልናገር።

የምንኖርባት ፉሹን የከሰል ከተማ ናት። እዚህ አገር ውሃ የነካው ሁሉ ታጠበ አይባልም። መጀመሪያ ሙቅ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ገላው እስኪቀላ መዘፍዘፍ አለ። ከዚያ ላስቲክ የለበሰ አልጋ ላይ ይጋደማል፤ ፈታጊዋም ሻካራ ጓንቷን አጥልቃ፣ እድፉ እየተጠቀለለ እስኪወርድ ድረስ ከአንገት እስከ ተረከዝ ትፈትጋለች። ሉዋንን ሰው ተራ ይዞ ነበር የሚጠብቃት። ሌሎቹ ፈታጊዎች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው እንኳ ደንበኛዋ "የለም፣ እኔ ሦስተኛውን አልጋ ነው የምፈልገው" ትላለች። ሦስተኛው አልጋ የሉዋን ነው። የማዕድን ሠራተኛ የነበረው ባሏ ከሞተ በኋላ በዚህ ዓለም የቀራት እሱ ብቻ ነው። "እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም" ትለኝ ነበር። "ከዚህ አልጋ ካነሱኝ ሄጄ የምቆምበት የለኝም።"

እጇ ጎበዝ እንደሆነ ዓይኗም ክፉ ነበር። በዚያ ሁሉ እንፋሎት መሃል፣ ገንዳው ውስጥ ከተቀመጡት ሴቶች የአንዷ ጀርባ ላይ ቀይ ነገር ካለ እሷ ታያለች። ወዲያው እርጥብ እግሯን እያንጣጣች ወደ መስኮቴ ትመጣለች። "ሱዩን፣ ከመስኮቱ በኩል ያለችውን አስወጫት።" ከራሴ በላይ አለቃችን ሺንግ በቀይ ቀለም ያጻፈው ማስታወቂያ አለ፤ የቆዳ በሽታ ያለበት ሰው መግባት ክልክል ነው ይላል። ማስታወቂያው የሺንግ ነው፤ የሚያስከብረው የሉዋን ዓይን ነው፤ እያፈርኩ ሰው የማስወጣው ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ግን ወደ እኔም አልመጣችም። ክረምቱ የጠናበት ወቅት ነበር። አንዲት ሴት ጥግ ይዛ ልብሷን አወለቀችና ፎጣ ተከናንባ ገንዳው ውስጥ ገባች። ፎጣው ሲንሸራተት ክርኗና ጉልበቷ ታየ፤ ቀልቷል፣ በላዩ ላይ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ቅርፊት አለው። እኛ የበሬ ቆዳ የምንለው በሽታ ነው፤ ሐኪሞቹ ሶሪያሲስ ይሉታል። ሉዋን ከሦስተኛው አልጋ ሆና ጮኸች፦ "የበሬ ቆዳ! ውጪ! ሰው ልትጨርሺ ነው?"

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ሴትዮዋ ልብሷን ሰብስባ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ በመስኮቴ በኩል አለፈች። በዚያ ብርድ እርጥብ ፀጉር ይዞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያደገ ሰው ያውቃል፤ መንገዱን ሳትሻገር በረዶ ሆኖ ይደርቃል። ሉዋን ጓንቷን አለቅልቃ ሥራዋን ቀጠለች።

ከዚያ ክረምት በኋላ፣ ባሏ በሞተበት ዓመት ፀደይ ላይ፣ ሉዋን ጉሮሮዋን በጣም ታመመች። እሱ ሲሻላት ክርኖቿ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጣ። ነጠብጣቡ ሰፋ፣ ተገናኘ፣ ቅርፊት አወጣ። እንግዲህ አስቡት። ፈታጊ ስትሠራ በውስጥ ልብስና በሽርጥ ብቻ ናት፤ ክርኗን የት ትደብቀዋለች?

እኔ ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። የልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ገብቼ ግድግዳው ላይ ክርኗን ስታሽ፣ ዓይኗን ጨፍና ስታሽ አገኘኋት።

"እትዬ ሉዋን፣ ምንድን ነው?"

"ምንም። ትኋን ነው።"

"ትኋን በሁለት ክርን እኩል ይነክሳል?"

"ሱዩን፣ አፍሽን ካልያዝሽ ምላስሽን ነው የምፈትገው" አለችኝ። ክርኖቿን በፎጣ ሸፍና አለፈችኝ።

ያን ሰሞን ስልኳ ውስጥ አንድ ሰውዬ አገኘች። ነጭ ካባ ለብሶ፣ ከኋላው የደረቀ ሥርና ቅጠል የሞላ መሳቢያ ደርድሮ፣ ራሱን ፕሮፌሰር እያለ ቅባት የሚሸጥ ነው። የሰባት ትውልድ የቤተሰብ ምስጢር፣ ንጹህ የቅጠላ ቅጠል መድኃኒት፣ ሆርሞን የሚባል ያልነካው፣ በሽታውን ከነሥሩ የሚነቅል፤ እንዲህ እያለ ይለፈልፋል። ነጭ ቱቦ ነው። ሉዋን ቀባችው። ሳምንት ሳይሞላ ክርኖቿ የሕፃን ገላ መሰሉ። መስኮቴ ድረስ መጥታ እያገላበጠች አሳየችኝ፤ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

በጋው ሲጋመስ ግን ቱቦው ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። አንድ ቀን ካልቀባችው በማግስቱ ይመለሳል። ክርኗ ላይ ያለው ቆዳ ሳስቶ ያብለጨልጫል፤ ሥሯ ከውስጥ ይታያል። ሰውዬውን ስትጠይቀው "እትዬ፣ ቢያብጥም ቢቀላም እንዳይደነግጡ። መርዙ ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ ነው። ሆስፒታል ከሄዱ ግን መልሰው ወደ ውስጥ ይከቱብዎታል" አላት። እሷም አመነችው። እኛ አገር በሽታ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲወጣ እሰይ ይባላል፤ እናቶቻችንም እንደዚያው ነበር የሚሉት።

የመኸር ጨረቃ በዓል ሰሞን የሰውዬው ስልክ ጠፋ። የሚሸጥበት ገጽም ጠፋ። ሉዋን የነበራትን ቀብታ ጨረሰች፤ አንድ ያልተከፈተ ቱቦ ብቻ ለክፉ ቀን ብላ ደበቀች። ከዚያ መዓት ወረደ። ከክርኗ ተነስቶ ክንዷን፣ ጀርባዋን፣ ጭኗን፣ እስከ ፀጉሯ ሥር ድረስ በሙሉ ቀላ። ለሺንግ "እህቴ ጋ ገጠር ልሄድ ነው" ብላ ቀረች። ቤቷ ብሄድ ራቁቷን ማለት ይቻላል፣ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች። ወለሉ ላይ የተላጠ ቅርፊት እንደ ብጥስጣሽ ወረቀት ተበትኗል። መቀመጥ አትችል፣ መተኛት አትችል።

"እየወጣ ነው ሱዩን" አለችኝ፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። "አየሽው? መርዙ እየወጣ ነው። አንድ ሳምንት ብታገሥ ያልፋል።"

ደሜ ፈላ። "የምን መርዝ! ነፍስሽ ልትወጣ ነው! በይ ልበሺ!"

"ሆስፒታል አልሄድም። መልሰው ያስገቡታል።"

"ያስገቡት! ከዚህ በላይ የት ያስገቡታል? ቦታ አለሽ?" ብዬ ካፖርቷን በላይዋ ላይ ጣልኩባትና እየጎተትኩ ወሰድኳት። ታክሲ ውስጥ እንኳ አልተቀመጠችም፤ በግማሽ ቂጧ ተንጠልጥላ ደረሰች።

ሆስፒታሉ ውስጥ በባህላዊ መድኃኒት ክፍል የነበረችው ሐኪም ወጣት ናት፤ ዶክተር ኒንግ ትባላለች። ሉዋንን አየቻትና ባዶውን ቱቦ ተቀብላ ለምርመራ ላከችው። ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ አለቻት፦

"አክስቴ፣ የተቀቡት ቅጠል አይደለም። ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ሆርሞን የለውም ያለዎት ሰው ሆርሞን ሸጦልዎታል። መድኃኒቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እኛም እናዝዘዋለን። ነገር ግን በልክ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ሲቆምም ቀስ እየተባለ ነው። እርስዎ ወራት ሙሉ ቀብተው በአንዴ አቆሙ። ይሄ መርዝ መውጣት አይደለም፤ ቆዳዎ ተቆጥቶ ነው።"

ሉዋን የራሷን ክንድ አገላብጣ አየች። ከዚያ "ታዲያ ዶክተርዬ፣ አንቺ ሥሩን ትነቅይልኛለሽ?" አለቻት።

"አልነቅልም። ማንም አይነቅለውም። ይመጣል፣ ይሄዳል። እነቅላለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ቦርሳዎን ይያዙ። ወደ ሌላ ሰው ግን አይተላለፍም።"

"አይተላለፍም?"

"በፎጣም፣ በውሃም፣ በእጅም አይተላለፍም።"

ሉዋን ወደ እኔ ዞረች። ምን እንዳሰበች አወቅሁ። እኔም ያቺን ያባረረቻትን ሴትዮ ነበር ያሰብኩት።

ዶክተር ኒንግ ገላዋ እስኪረጋጋ ድረስ የዘመናዊውን መድኃኒትና የብርሃን ሕክምናውን አስጀመረቻት። ከወር በኋላ አብዛኛው ጠፋ፤ ክርኖቿ ብቻ አልበገር አሉ። ያኔ ሁለት ነገር ሰጠቻት። አንደኛው እንደ ሾርባ ተፈልቶ የሚጠጣ ሥር፣ አበባና የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ሁለተኛው ከቅጠል የሚወጣ ሰማያዊ ዱቄት በዘይት የተለወሰበት ቅባት፤ ሕዝቡ ቺንግ ዳይ ይለዋል፣ ጨርቅ የሚነከርበት ቀለም ወንድም ነው። ሉዋን ቅባቱን አየችና ወደ ኋላ አለች።

"ይሄም የሰባት ትውልድ ነው?"

ዶክተሯ ሳቀች። "ከዚያም በላይ ነው፤ ግን በዕድሜው አይደለም የምሰጥዎት። ተፈትኗል። ሰዎችን ሰብስበው በአንድ በኩል ባለው ቁስል ይሄን፣ በሌላው በኩል ዱቄቱ የሌለበትን ቅባት ቀቡ። ይሄኛው በደንብ ተሻለ። የተፈተነው ጥቂት ሰው ላይና ለአጭር ጊዜ ስለሆነ አፌን ሞልቼ አልምልም፤ ከሾርባው ግን ይበልጣል። በሾርባው ላይ ብዙ ጥናት ተጽፏል፣ ግማሹ ግን በደንብ አልተሠራም። እሱን የምሰጥዎት ደምዎን እየመረመርኩ ነው። ዱቄቱን ደግሞ እንዳይበሉት፤ በልተውት ጉበታቸው የተጎዳ አሉ።"

"አንድ ችግር አለው" አለች ቀጥላ። "ሁሉን ነገር ሰማያዊ ያደርጋል።"

እውነቷን ነበር። አንሶላዋ፣ ፎጣዋ፣ የበሩ እጀታ፣ የሻይ ብርጭቆዋ፣ ሁሉም ሰማያዊ ሆነ። ጎረቤቶቿ ግድግዳ እየቀባች ነው አሉ። እኔን ያበሸቀኝ ግን እሱ አይደለም። አንድ ቀን ቤቷ ሄጄ ስትቀባ አየሁ፤ ቀኝ ክርኗ ላይ ሰማያዊውን፣ ግራው ላይ ተራ ቫዝሊን።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ልፈትናት ነው።"

"ማንን?"

"ዶክተሯን። ቅባቱን። ሁሉንም። አንዴ በነጭ ተሸወድኩ፤ አሁን በሰማያዊ ልሸወድ? ቀኙ ድኖ ግራው ካልዳነ አምናለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ የአዲስ ዓመት በዓል መጣ! ሁለቱንም ብትቀቢ ለበዓሉ ንጹህ ክርን ይዘሽ ትገቢ ነበር! ሥራሽን ልታጪ ነው?"

"ታዲያ ሁለቱንም ቀብቼ ሁለቱም ቢድኑ በምን አውቃለሁ? ራሱ ጊዜው ደርሶ ቢሆንስ?" አለችና ተነስታ መመላለስ ጀመረች። ለዶክተሯም ሄጄ ከሰስኳት። ዶክተር ኒንግ ከት ብላ ሳቀችና "የአንድ ሰው ክርን ማስረጃ አይሆንም፣ እሷ ግን መብቷ ነው" አለችኝ። ለሉዋን ስነግራት "ለእኔ የእኔ ክርን ይበቃኛል" አለች።

የሾርባውን አተላ ደግሞ በየቀኑ አምጥታ በመታጠቢያችን ደጃፍ መስቀለኛ መንገድ ላይ ትደፋዋለች። ያው እንደሚባለው አተላውን የረገጠ ሰው የታማሚውን በሽታ ይዞለት እንዲሄድ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ ያ ጥቁር ክምር በረዶው ላይ ተደፍቶ አገኘዋለሁ፤ እግሬን አንስቼ በሩቁ እዞረዋለሁ።

"ሆስፒታል ሄደሽ ተማርሽ፣ ደም ተመርምረሽ መጣሽ፣ አሁንም አተላ መንገድ ላይ ትደፊያለሽ?" አልኳት።

"ምን ይጎዳል?"

"እኔን ነዋ! በሽታሽን ለእኔ ልትሰጪ?"

"አይተላለፍም ተብለሻል" አለችኝና ሳቀች። ከበጋው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

አሥራ ሁለተኛው፣ የዓመቱ መጨረሻ ወር ገባ። በዓሉ ሳይደርስ ከተማው ሁሉ ያሮጌውን ዓመት እድፍ ሊያስወርድ እኛ ጋ ይጎርፋል፤ ወረፋው ከደጃፍ አልፎ መንገድ ይዘጋል። ሉዋን ተመለሰች። ቀኝ ክርኗ ከሰማያዊው ቀለም በታች ለስልሶ ነበር፤ ግራው ግን ያው ቀይ፣ ያው ቅርፊት ነው። ሁለቱንም በጥቁር ላስቲክ እጅጌ ሸፍና "ቁርጥማት ይዞኛል፣ እርጥበት አይወድም" አለች። ሰውም ለጥቂት ቀን አመናት።

እሷ ግን ዕረፍት አጣች። እጅጌው በላብ ይሞላል፤ ውስጡ ያሳክካታል፤ ማከክ አትችልም። አንዷን ፈትጋ ሳትጨርስ ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል። ማን አየኝ፣ ማን አንሾካሾከ፣ ማን ሳቀ። በየሰዓቱ ሦስት አራቴ ወደ እኔ መስኮት ትመጣለች፦ "ምን አሉ? ስለ እኔ አሉ?" "ኧረ ተይኝ እትዬ ሉዋን፣ ስለ ሻምፖ ነው የሚያወሩት" እላታለሁ። እንደ እሷ እኔም መቀመጥ አቃተኝ፤ ትኬት እየቆረጥኩ እግሬ ይርገበገባል።

በመጨረሻ ሺንግ ጠራት፤ እኔው ፊት ነው ያናገራት። "ደንበኞች ይጠይቃሉ። እጅጌው ውስጥ ምንድን ነው ይላሉ። ነገ ያለ እጅጌ ነይ። ያለ እጅጌ መሥራት የማትችዪ ከሆነ አልጋውን ለሌላ እሰጣለሁ።"

"ከበዓሉ በኋላ ቢሆንስ?"

"ነገ።"

ሉዋን የልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባች። ተከትያት ገባሁ። ሳጥኗን ከፍታ ያንን ያልተከፈተ ነጭ ቱቦ በእጇ ይዛለች።

"ማታ ደህና አድርጌ ከቀባሁት ነገ ቅላቱ ይቀንሳል። በዱቄት እሸፍነዋለሁ። ለእነዚህ ጥቂት ቀናት ብቻ" አለች፤ እኔን አታየኝም።

"እትዬ ሉዋን።"

"አልጋው ነው ሱዩን! አልጋዬን ነው የሚወስዱብኝ!"

ቱቦውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት በወረፋው መጨረሻ ቆማ ቆይታ መስኮቴ ደረሰች። ማስታወቂያውን ቀና ብላ አነበበች። ከዚያ ሳልጠይቃት የሁለት እጇን እጅጌ እስከ ብብቷ ሰበሰበችና ክንዷን በመስኮቱ አስገባችልኝ።

"እዪው። ደህና አድርገሽ እዪው። እንከን ካገኘሽ መልሺኝ።"

ክንዷ ንጹህ ነበር። ከመጠን በላይ ንጹህ ነበር፤ ሳስቶ ያብለጨልጫል፣ ሥሮቿ እንደ ክር ይታያሉ፣ መታጠፊያው ላይ ቀያይ ሰንበር አለ። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። ያቺው ናት፤ በእርጥብ ፀጉር የወጣችው።

"ሦስተኛው አልጋ" አለች።

"ወረፋ አለው።"

"እጠብቃለሁ። ስጠብቅ ነው የከረምኩት።"

አሳለፍኳት። ስሟን ኋላ ነው የሰማሁት፤ ቶንግ ትባላለች፣ ገበያው ውስጥ የኮመጠጠ ጎመን ሻጭ ናት። ተራዋ ደርሶ ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ጩኸት ሰማሁ። መስኮቴን ዘግቼ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

ቶንግ ሦስተኛው አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታለች። ሉዋን ጓንቷን አጥልቃ እጇን አየር ላይ ሰቅላ ቆማለች። በዙሪያቸው ያሉት ሴቶች መታጠብ አቁመዋል።

"ለምን አትፈትጊኝም?" ትላለች ቶንግ። "አሁንም ቆሻሻ ነኝ? አሁንም ሰው እጨርሳለሁ? እዪው፣ ምን አለብኝ?"

"ምን ነበር የተቀባሽው?" አለች ሉዋን።

"ምን አገባሽ!"

"ነጭ ቱቦ ነው። ሰባት ትውልድ የሚል።"

ቶንግ ቀና አለች። "በምን አወቅሽ?"

"ሰውዬሽ ስልኩ አይሠራም። ቱቦሽም ሊያልቅ ነው።"

"አንድ ሁለት ቀን ያደርሰኛል። ፈትጊኝ አልኩሽ! ለዚህች ቀን ነው ስቀባ የኖርኩት። ያባረርሽኝ እጅ እንዲፈትገኝ ነው የመጣሁት፣ ይገባሻል?"

"ቆዳሽ የሽንኩርት ልባስ ሆኗል። በዚህ ጓንት ከነካሁሽ ይቀደዳል።"

"ቅናት ነው! ሌላ ምንም አይደለም!"

ሉዋን ዙሪያዋን አየች፤ ሴቶቹን፣ አልጋዋን፣ እኔን። ከዚያ ጓንቷን አወለቀች። የቀኙን ላስቲክ እጅጌ ሳብ አድርጋ አወጣች፤ ከዚያ የግራውን። ሁለቱን ክርኖቿን አንድ ላይ ወደ ቶንግ ፊት አቀረበቻቸው፤ አንዱ ለስላሳ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይና ቅርፊታም።

"እዪው። እኔም አለብኝ። ይሄ የቀባሁት ነው፤ ይሄ ያልቀባሁት። ነጩን ሳይሆን ሰማያዊውን፣ ከሆስፒታል የተሰጠኝን። ሰው የነገረኝን አይደለም የምነግርሽ፤ እዪ፣ ንኪው።"

"የበሬ ቆዳ!" አለች አንዲት ሴት ከገንዳው። ውሃው ተናወጠ፤ ግማሾቹ ፎጣቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ሄዱ።

ሉዋን ዞር ብላ አላየቻቸውም። ሽርጧ ኪስ ውስጥ እጇን ከታ ቱቦውን አወጣችና በቶንግ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

"የመጨረሻው ነው። ለነገ አስቀምጬው ነበር። አንቺ ብቻ እንደ እኔ በአንዴ እንዳታቆሚ፤ እኔ በአንዴ አቁሜ ገላዬ በሙሉ ነደደ። ለሐኪሟ ውሰጂላት። መጠኑን ቀስ እያለች ትቀንስልሻለች።"

ቶንግ ቱቦውን አየችው፤ ክርኖቹን አየቻቸው።

"ያን ቀን ፀጉሬ በረዶ ሆኖ ነበር" አለች በመጨረሻ።

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም!"

"አላውቅም" አለች ሉዋን።

በዚህ መሃል የሺንግ ድምፅ ከመጋረጃው ውጭ ይጮህ ጀመር። "ምንድን ነው ሰው የሚወጣው? ሉዋን! ምን አደረግሽ? ሉዋን፣ ልብስሽን ልበሺና ውጪ!"

መጋረጃውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። "ጋሼ ሺንግ፣ ሴቶች ራቁታቸውን ናቸው! ደፍረው ይግቡና የሚሆኑትን ያያሉ!"

"ሱዩን፣ አንቺንም አባርርሻለሁ!"

"ያባርሩኛ! ማን ትኬት ሊቆርጥ?"

ከኋላዬ ቶንግ እንደገና በደረቷ ስትተኛ ላስቲኩ ሲጮህ ሰማሁ። "በባዶ እጅሽ እጠቢኝ" አለች። ሉዋን እጇን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ሳሙናውን በመዳፏ አሽታ፣ አራስ ሕፃን እንደሚታጠብ በዝግታ አጠበቻት። ክርኗ በነካበት ሁሉ ሰማያዊው በቶንግ ጀርባ ላይ ይቀር ነበር። ሁለቱም አልጠረጉትም። እኔ መጋረጃውን ይዤ አለቀስኩ፤ እንፋሎት ስለነበረ ማንም አላየኝም።

ሲጨርሱ ሉዋን የቶንግን ፀጉር በራሷ ፎጣ አደረቀችላት፤ ጫፉ እንኳ እርጥብ እንዳይቀር ደጋግማ አደረቀችው፤ ባርኔጣዋንም እስከ ጆሮዋ አወረደችላት። ከዚያ ሁለቱ አብረው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። አልጋው በማግስቱ ለሌላ ሴት ተሰጠ። ሐኪሟ አይተላለፍም ብላ የጻፈችልንን ወረቀት ለሺንግ ሳሳየው "ወረቀቱን ለእኔ ሳይሆን ለደንበኛ አንብቢለት" አለኝ።

ሉዋን አሁን ከቤት ቤት እየዞረች ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን አሮጊቶች ታጥባለች። ቀኑን ሙሉ በእግሯ ስለምትሄድ ሥራው ተስማምቷታል። አሮጊቶቹ ክርኗን አያዩም፤ አንዳንዶቹ ማየትም አይችሉም። ግራውንም ሰማያዊ መቀባት ጀምራለች። ቶንግም እንደተባለችው ነጩን ቅባት ቀስ እያለች አቆመች፤ እንደዚያም ሆኖ ገላዋ መቅላቱ አልቀረም፤ በዚያን ጊዜ ሾርባውን እያፈላች ያጠጣቻት ሉዋን ናት።

በዓሉ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ወደ ሥራ ስመጣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ሁለት ጥቁር የአተላ ክምር ጎን ለጎን ተደፍቶ አገኘሁ። ገና ይጨሳል፤ አካባቢው ላይ ሰው አልነበረም። እንደ ልማዴ እግሬን አነሳሁ። በዚህ ጊዜ ግን አልዞርኩትም። መጀመሪያ አንዱን ረገጥኩት፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን ረገጥኩት። ጫማዬ እንደረጠበ ገብቼ መስኮቴን ከፈትኩ።